ለአዘጋጁ፦ የባይበሪ ቤቶች ለፎቶ አልተሠሩም

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ የጉዞ ዓምድ ላይ የአርሊንግተን ሮውን ፎቶ አየሁት። ግማሽ ገጽ ሰጥታችሁታል፣ እሰየው። ላላየው አንባቢ፣ አርሊንግተን ሮው እንግሊዝ ውስጥ በግሎስተርሺር፣ ባይበሪ በምትባል ትንሽ መንደር ያለ የድንጋይ ቤቶች ረድፍ ነው። ከፎቶው ሥር ግን «በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለሸማኔዎች ታስበው የተሠሩ፣ ከተረት የወጡ የሚመስሉ ቤቶች» ይላል። ይቺን መስመር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። የምኖረው እዚያው አካባቢ ነው፣ እንጀራዬም የድሮ ድንጋይ ቤት መጠገን ነው። እነዚህን ቤቶች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። የሚወዱት ነገር ታሪኩ ተዛብቶ ሲወጣ ደግሞ ያንገበግባል።

መጀመሪያ ስሕተቱን ላንሣ። ሕንፃው የተሠራው በ1380 ገደማ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እስከዚህ ልክ ናችሁ። ያኔ ግን ቤት አልነበረም። ሸማኔም አልኖረበትም። የገዳም የሱፍ መጋዘን ነበር። መነኮሳቱ ከበጎቻቸው የሸለቱትን ሱፍ የሚያከማቹበት ረጅም ሕንፃ። ተከፋፍሎ የሸማኔ ቤቶች የሆነው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁለቱ መካከል ከ200 ዓመት በላይ አለ፤ በዚያ መሐል ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእንግሊዝን ገዳማት በሙሉ ዘግቶ ንብረታቸውን ወስዷል፣ መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፣ የሱፍ ንግዱም መልኩን ቀይሯል። ታዲያ «በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለሸማኔዎች» ማለት ሁለት የተለያዩ ዘመኖችን አንድ ላይ መስፋት ነው።

ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። ብዙ ለውጥ ያመጣል። መጋዘን እንደነበር ካወቃችሁ ቤቱ ራሱ ማውራት ይጀምራል። ያተማችሁትን ፎቶ እስቲ እንደገና አውጡና እዩት። ጭስ ማውጫዎቹ እኩል አልተራራቁም። አንዱ እዚህ፣ ሌላው ራቅ ብሎ እዚያ። ይህ የሆነው የሱፍ መጋዘን እሳት ስለማያስፈልገው ነው፤ እንዲያውም እሳት ጠላቱ ነው። ምድጃና ጭስ ማውጫ የመጣው ሰው ሊኖርበት ሲል ነው፣ የተተከለውም ከነባሩ ግድግዳ ጋር እየተስማማ በተገኘው ቦታ ነው። ጣሪያውን ሰንጥቀው ወደ ፊት ብቅ ያሉት ባለመስኮት ሦስት ማዕዘኖችም እንዲሁ ናቸው። ስፋታቸውም ከፍታቸውም ይለያያል። ከላይኛው ፎቅ ብርሃን ማስገባት ሲፈለግ ጣሪያው ተከፍቶ የተጨመሩ ስለሆኑ ነው።

ለሸማኔ ተብሎ ከመሠረቱ የተሠራ ቤት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዮርክሺር ይሂድ። እዚያ እንደ ሄፕተንስቶል ባሉ የኮረብታ መንደሮች የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔ ቤቶች አሉ። የላይኛው ፎቃቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ነው፤ በቀጫጭን የድንጋይ ዐምዶች የተከፋፈሉ መስኮቶች፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው። ሸማኔ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቤቱ በዚያ ልክ ተሠራ። የባይበሪዎቹ መስኮቶች ግን ትንንሽ ናቸው፣ ግድግዳው ይበዛል። ሸማኔዎቹ የገቡት ለሌላ ነገር በተሠራ ሕንፃ ነው፣ ያገኙትንም ብርሃን ይዘው ሠሩ።

በአንድ ሰው ሐሳብ ተነድፎ የተሠራ የመንደር ረድፍ ደግሞ በዶርሴት ሚልተን አባስ አለላችሁ። አንድ ባለጸጋ መኳንንት ነባሩ መንደር ከቤቱ መስኮት ሲታይ እይታውን ስለረበሸው አስፈርሶ፣ ከ1780 ገደማ ጀምሮ ነዋሪውን ዞር ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ አሰፈረው። ቤቶቹ ነጭ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ርቀታቸው እኩል። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ከባይበሪ አጠገብ ሲቆም ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ሚልተን አባስ በትእዛዝ የመጣ ነው። አርሊንግተን ሮው ግን ሰዎች ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ባስፈለጋቸው ቦታ እየቀጠሉ ያመጡት ነው። ለእኔ ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «ተረት የሚመስሉ» ሲባል የሚጠፋውም ይሄው ነው።

ወደ ሱፉ ልመለስ፣ ያለ ሱፍ ይህ ሕንፃ አይገባም። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ዋናው የወጪ ንግድ ሱፍ ነበር። ኮትስዎልድስ የሚባለው ይህ ኮረብታማ አካባቢ ደግሞ በበጎቹ የታወቀ ነው፤ ጣሊያኖች ሳይቀሩ ሱፉን ለመግዛት ይመጡ ነበር። በየመንደሩ ከመንደሩ አቅም በላይ የሆኑ ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት የምታዩት በዚያ ገንዘብ ነው የተሠሩት። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ዛሬም የሚቀመጠው በሱፍ በተሞላ ትራስ ላይ ነው፤ ልማዱ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፣ የአገሪቱ ሀብት ከምን እንደሚመጣ እንዳይረሳ።

ከረድፉ ፊት ለፊት ያለውን ረግረጋማ ሜዳ ፎቶው ላይ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ታያላችሁ። ራክ አይል ይባላል። በአንድ በኩል የኮልን ወንዝ፣ በሌላ በኩል ወደ ወፍጮው የሚሄደው ቦይ ይዋሰኑታል። ሸማኔዎቹ የሸመኑትን የሱፍ ጨርቅ ወደ አርሊንግተን ወፍጮ ይወስዱታል። እዚያ በውሃ ኃይል እየተደበደበ ተኮማትሮ ይደነድናል፤ ስቡም ይወጣለታል። ከዚያ እርጥብ ሆኖ ይመለስና በሜዳው ላይ በተተከሉ የእንጨት መወጠሪያዎች ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፣ እንዳይጨማደድም ዳርና ዳሩ በመንጠቆ ተይዞ ይወጠራል። ስለዚህ ወንዙ፣ ቦዩ፣ ሜዳው፣ ወፍጮውና ቤቶቹ አንድ የሥራ ቦታ ነበሩ። አሁን ሜዳው የዱር አእዋፍና የረግረግ ዕፅዋት መጠለያ ነው። ቱሪስቱ «እንዴት ደስ የሚል መስክ» ብሎ ያልፋል፤ ሙሉ ፋብሪካ ፊት መቆሙን የሚነግረው የለም።

አሁን ስለ ድንጋዩ። ኮትስዎልድስ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ160 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት አካባቢው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር በነበረ ጊዜ የተፈጠረ ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በጥቃቅን ድቡልቡል ቅንጣቶች የተሞላ ነው። ገና ከጉድጓዱ ሲወጣ እርጥበት አለው፣ ለመጥረብም ለስላሳ ነው። አየር ላይ ሲቆይ ይጠነክራል። ለጠራቢ ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አላውቅም። ቀለሙ እንደ ቦታው ይለያያል፤ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ወርቃማ ነው፣ በውስጡ ያለው ብረት ነው እንደዚያ የሚያደርገው፣ ወደ ባይበሪ ስትመጡ ግን ገርጣ ብሎ ወደ ግራጫ ያደላል። ያተማችሁት ፎቶ ቀለሙ ስለተነካካ ግድግዳው እንደ ብርቱካን ቀልቷል። እንደዚያ አይደለም። በዝናባማ ቀን ግራጫ፣ በምሽት ፀሐይ ክሬም፣ ሙሱ የያዘው ቦታ አረንጓዴ ነው። ይህ ለውጥ ራሱ ያምራል፣ ማጋነን አያስፈልገውም።

ግድግዳው በደንብ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም። ለማዕዘንና ለመስኮት ጠርዝ የተመረጠ ድንጋይ ይገባል፣ ቀሪው እንደመጣ የተደረደረ ነው፣ መያዣው ኖራ። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሜትር ያልፋል። ከሩቅ አምጥቶ መሥራት ውድ ስለነበር ሰው የሠራው ከእግሩ ሥር ባገኘው ነገር ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የአጥሩ ካብ፣ ወንዙን የሚያሻግረው ትንሹ ድልድይ፣ ሁሉም ያው ድንጋይ ነው። መንደሩ ከመሬቱ የበቀለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነውና። ከሩቅ ለሚያየው ተራ ግራጫ ጣሪያ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ክዳን ድንጋይ ነው። ቀጭን ተደርጎ የተሰነጠቀ፣ ያው የአካባቢው የኖራ ድንጋይ። እዩት፤ ከታች፣ ውሃው የሚንጠባጠብበት ጠርዝ ላይ ያሉት ትልልቅ ናቸው፣ አንዱን ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ያንሳሉ። ጫፉ ላይ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ድንጋይ መጠኑ ይለያያል፣ ምንም እንዲጣል ደግሞ አይፈለግም፤ ትልቁ ብዙ ውሃ ወደሚወርድበት ወደ ታች፣ ትንሹ ትንሽ ውሃ ወዳለበት ወደ ላይ ይሄዳል። ጣሪያ ሠሪዎቹ ከደርዘን በላይ መጠኖችን ለይተው ያውቁ ነበር፣ ለእያንዳንዱም ስም ነበረው። ባይበሪን የእንግሊዝ ውቡ መንደር ያላት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚና ንድፍ ሠሪ ዊልያም ሞሪስ የኖረበት የኬልምስኮት ቤት እንደዚህ ዓይነት ጣሪያ ነበረው፤ ይህን አደራደር ከዓሣ ቅርፊትና ከወፍ ላባ ጋር አመሳስሎታል። ከዚህ የተሻለ የገለጸው ሰው አላጋጠመኝም።

እያንዳንዱ ድንጋይ አናቱ ላይ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው የኦክ እንጨት ችካል ይገባና ማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሚስማር የለም። ክብደቱ ራሱ ነው የሚይዘው። አንድ ካሬ ሜትር እንደዚህ ያለ ጣሪያ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ሥሩ ያለው እንጨት ቀልድ አያውቅም። ጣሪያው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ በላይ፣ ለመልክ አይደለም። ድንጋዩ ውሃ ይጠጣል። ዝናቡ ተኝቶ ከቆየበት ይሰርጋል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው በውስጡ ወደ በረዶ ይለወጥና ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃው ቶሎ መውረድ አለበት። ጣሪያው ቀጥ ሲል ከሥሩ ትልቅ ክፍት ቦታ ተገኘ። ያ ቦታ ላይኛው ፎቅ ሆነ፤ ፎቁ መስኮት ፈለገ፤ መስኮቱ ቅድም ያልኳችሁን ሦስት ማዕዘኖች አመጣ። ፎቶ አንሺው የሚወደው የረድፉ መልክ በሙሉ ከዝናብና ከድንጋዩ ጠባይ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ድንጋዩን የሚሰነጥቀው ያ ውርጭ ራሱ ደግሞ ጣሪያ ሠሪም ነበር። በጎረቤት ኦክስፎርድሺር ስቶንስፊልድ የሚባል መንደር አለ። ለክዳን የሚሆነውን ድንጋይ ከክረምቱ ቅዝቃዜ በፊት ከመሬት ሥር ያወጡና እርጥበቱ እንዳይጠፋ ሸፍነው ያቆዩታል። ክረምቱ ሲገባ ከባድ ውርጭ ይጠብቃሉ። ሌሊት ውርጩ ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ መንደሩ ከአልጋው ተነሥቶ ይወጣና ድንጋዩን ይገልጠዋል፣ ውሃም ያርከፈክፍበታል። በውስጡ ያለው ውሃ ሲረጋ ድንጋዩ በንጣፍ በንጣፉ ይላቀቃል። ከዚያ በመዶሻ መታ ሲያደርጉት ይከፈታል። ክረምቱ ቀለል ብሎ ካለፈ ሥራው ይበላሻል። ይህ ሥራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆመ። ዛሬ አንድ የድሮ ጣሪያ ስንጠግን አሮጌውን ድንጋይ አንድ በአንድ አውርደን፣ ደህናውን ለይተን፣ መልሰን የምንሰቅለው ለዚህ ነው። አዲስ የሚያወጡ ጥቂት የድንጋይ ጉድጓዶች አሉ፣ ግን አይበቁም፤ ስለዚህ ሰው ከፈረሰ ጎተራ ላይ ይገዛል፣ ያ ደግሞ ጎተራውን ያራቁተዋል።

ግድግዳው ላይ ያለው ጣጣ ግን ይብሳል። ሲሚንቶ ነው። የኖራ ማጣበቂያ ለስላሳ ነው፣ ይተነፍሳል። ግድግዳው ውስጥ የገባ ውሃ በመገጣጠሚያው በኩል መልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ግን ድርቅ ያለ ነው፣ መውጫ ይዘጋል። ውሃው ሌላ መንገድ ሲያጣ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። አንድ የግል ቤት ስንጠግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእኛ በፊት የሠራ ሰው መገጣጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ደፍኖታል፣ ከውጭ ሲታይ ጽድት ያለ ነው። በመሮ ቀስ አድርጌ ሲሚንቶውን ነቀልኩት። እንደ ዱላ ተያይዞ ወጣ። ከኋላው ያለው ግድግዳ ጣቴን ሳስገባ እርጥብ ነበር፣ ውጭ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ነው። ከሲሚንቶው ግራና ቀኝ የነበረው ድንጋይ ፊቱ በእጄ ሲነካ እየተፈረፈረ ወረደ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ሲሚንቶው ብቻ ወደ ፊት ቀርቷል። ስንት ዘመን የቆመ ግድግዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ያን ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት።

በኖራ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቶሎ አይደርቅም። ውርጭ ካገኘው ይበላሻል፣ ስለዚህ በክረምት አይሠራም። ፀሐዩም ቶሎ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ይደረብበታል። አሠሪው «ምነው ዘገየ» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ገንዘብ ነው የሚቆጥረው። ግን ድንጋዩን የሚያድነው ይሄ ነው።

እንግዲህ አርሊንግተን ሮው እንዴት ተረፈ? አንዱ ምክንያት ድህነት ነው። የጨርቅ ሥራው ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲሄድ ኮትስዎልድስ ደኸየ። አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ሰው ጠፋ። ቤቶቹ ያረጁት ከነመልካቸው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሰዎች መጮኻቸው ነው። ዊልያም ሞሪስ በ1877 እዚሁ ግሎስተርሺር ውስጥ የቱክስቤሪ ቤተ ክርስቲያን «እድሳት» በሚል ሊበላሽ መሆኑን ሲሰማ ለአንድ መጽሔት ተቃውሞ ጻፈ። በዚያው ዓመት ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቀውን ማኅበር መሠረተ። መርሑ ቀላል ነው፦ አፍርሰህ «እንደ ድሮው» አታስመስል፣ ያለውን ጠብቀህ ጠግን። እኛ እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚህ ነው።

በ1929 የኪነ ጥበብ ንጉሣዊ ማኅበር የሚባለው ድርጅት አርሊንግተን ሮውን ገዝቶ አስጠገነ። በዚያው ዓመት ዌስት ዋይኮም የተባለውን መንደርም ገዝቷል። ጊዜው አስጊ ነበር። አሜሪካዊው የመኪና አምራች ሄንሪ ፎርድ በዚያን ሰሞን ከባይበሪ ብዙም ከማይርቀው ከቼድዎርዝ መንደር አንድ የድንጋይ ቤት ገዝቶ፣ ድንጋዩን ቁጥር አስጽፎ፣ አስጭኖ ሚሺጋን ላይ አቁሞታል። ዛሬም እዚያ ሙዚየም ውስጥ አለ። አርሊንግተን ሮውንም ሊወስድ ፈልጎ ነበር ይባላል። ቢሆንለት ኖሮ ወንዙ፣ ሜዳውና ወፍጮው ባይበሪ ቀርተው ቤቱ ብቻ ሌላ አህጉር ላይ በቆመ ነበር፣ ያ ደግሞ ትርጉም የለውም። በ1949 ረድፉ ወደ ናሽናል ትረስት ተላለፈ። ይህ በ1895 የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እስከ ዛሬ ባለቤቱ እሱ ነው።

ሕጉም ይጠብቀዋል። ረድፉ በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በእንግሊዝ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች በዚህ ደረጃ ያሉት 2.5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት የተመዘገበን ቤት ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው፣ እስከ 2 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ይህን እደግፋለሁ። የማልደግፈው የታክሱን ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ቤት ስትሠራ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው። አሮጌውን ስትጠግን 20 በመቶ ትከፍላለህ። ቀድሞ ፈቃድ ላገኘ የተመዘገበ ቤት ለውጥ ታክሱ ዜሮ ነበር፣ በ2012 እሱም ቀረ፤ ጥገና ግን ያኔም ይከፈልበት ነበር። በአንድ እጅ «ጠብቅ» በሌላ እጅ «ክፈል»። አንዳንድ ባለቤት ጣሪያው እስኪያፈስ የሚጠብቀው ለዚህ ነው፣ ሲያፈስ ደግሞ በርካሽ ሲሚንቶ ያስደፍናል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቅድም ነግሬያችኋለሁ።

የመጨረሻ ቅሬታዬ ጽሑፋችሁ ስለ ነዋሪዎቹ አንድም ቃል አለመጻፉ ነው። ቤቶቹ ሙዚየም አይደሉም። አንዱን ናሽናል ትረስት ለእረፍት ለሚመጡ ያከራየዋል፣ ሌሎቹ ውስጥ ተከራዮች ይኖራሉ። ልብስ ያጥባሉ፣ ቆሻሻ ያወጣሉ፣ መኪና ያቆማሉ። ምስሉ በአንዳንድ የብሪታንያ ፓስፖርቶች የውስጥ ሽፋን ላይ ታትሟል፣ ስለዚህ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ዓለም ሁሉም ይመጣል። መንደሯ ጥቂት መቶ ሰው ነው ያላት። በበጋ አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ ይደረደራል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሰው አትክልት ቦታ ገብቶ ፎቶ ይነሣል፣ በመስኮት አጮልቆ ያያል። በ2015 አንድ ነዋሪ ቢጫ መኪናውን ቤቱ አጠገብ ስላቆመ «ፎቶአችንን አበላሸ» ተብሎ ወሬው ዓለም አቀፍ ሆነ። በ2017 ደግሞ መኪናው ተሰባበረ። ያኔ ከየቦታው የመጡ ቢጫ መኪኖች ተሰልፈው መንደሯን አቋርጠዋል፣ ከነዋሪው ጎን መቆማቸውን ለማሳየት። በጣም ደስ ብሎኛል ያን ጊዜ። ሰው እንዳይታይበት የምንፈልገው መንደር ምን ዓይነት መንደር ነው? ቤቱ እስካሁን የቆመው ሰው ስለኖረበት ነው። እሳት የሚነድበት፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ የተንሸራተተችው አንዲት ክዳን ወዲያው የምትታይበት ቤት ነው የሚቆየው። ባዶ ቤት በጥቂት ክረምት ያልቃል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጽሑፋችሁን አንብቦ ወደ ባይበሪ ለመሄድ የሚነሣ አንባቢ ይኖራልና፣ ከቻለ ከቱሪስት ወቅት ውጭ ይሂድ። በእግረኛው መንገድ ላይ ይቆይ፣ የሰው በር ላይ አይቀመጥ። ከረድፉ ፊት ከመቆም ይልቅ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ሜዳውንና ጣሪያውን አንድ ላይ ይመልከት፤ ድንጋዮቹ ወደ ላይ ሲያንሱ፣ ጭስ ማውጫዎቹ ሲዘበራረቁ ያያል። ከዚያ በቦዩ ዳር እስከ ወፍጮው ይራመድ። አጭር መንገድ ነው፣ ሸማኔው እርጥብ ጨርቅ ተሸክሞ የተመላለሰበት።

የሚቀጥለው እትም ላይ ደግሞ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ እንድታርሙት እለምናለሁ። ረጅም እንዲሆን አልፈልግም። እንዲህ ቢል ይበቃኛል፦ «አርሊንግተን ሮው፣ ባይበሪ፣ ግሎስተርሺር። በ1380 ገደማ የገዳም የሱፍ መጋዘን ሆኖ የተሠራ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሸማኔ ቤቶች የተለወጠ። ዛሬም ሰው ይኖርበታል።»

ከአክብሮት ጋር፣
የድሮ ቤት ጠጋኝ የሆነ አንባቢያችሁ
ከግሎስተርሺር፣ እንግሊዝ